ሾርባ የሚያሰጥ ቁጥር

«ዘጠኝ ከተባለ በኋላ ሦስት አይባልም አልኩህ!»

«ለምንድነው የማይባለው? ቁጥሩ ለሦስት ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?»

«ይካፈላል!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለዘጠኝ የተካፈለ ለሦስት መካፈሉ የታወቀ ነዋ! ላም አለኝ ካልክ በኋላ ጅራትም አለኝ ትላለህ? ከላሟ ጋር አብሮ መጣ እኮ!»

የሚጮኸው ሒልከ ነው፤ ከላም ጋር ሲውል ሲያድር ቀስ ብሎ ማውራት የጠፋበት ገበሬ። ጭቅጭቁ ከመንደሩ ፖሊስ ከቻሊንግ ጋር ነው። በሁለቱ መሀል አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ሽማግሌው ዉቦ ተቀምጧል። የጠረጴዛ ጨርቅ አልብሰውታል፤ ጫማው ብቻ ነው የሚታየው። ሞቷል።

ያለቀሰ ሰው የለም። እኛ ጋ ሐዘን እንደ ባቡራችን ነው፤ መምጣቱን ይመጣል፣ ግን ዘግይቶ። ጥርስ ሐኪሙ ሹርድ መስኮቱ ጋ ቆሞ ግድቡን ያያል። የድልድይ ጠባቂዋ ዬልቸ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የራሷን እጅ ታያለች፤ ሰው አደራ የሰጣት ዕቃ ነው የሚመስለው። ውጭ ንፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይጎትታል። ሰሌዳው ላይ በዉቦ ጠመኔ፣ በዉቦ ጠማማ እጅ፣ ይሄ ቁጥር ተጽፏል፦

987654321

«ላሟ የማን ናት?» አለች አንዲት ሴት ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ። ከከተማ የተጠራችው መርማሪ ፍራውከ ናት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ካፖርቷ ርጥብ፣ ጉንጯ ውስጥ ጥቁር የጨው ከረሜላ። ፊቷን ያየ ሰው አሁን ከእንቅልፏ ተነሳች ይላል። ብዙ ሌባ እንደዛ ብሎ ታስሯል።

«የምን ላም?» አለ ቻሊንግ።

«አሁን ስለ ላም ስትጨቃጨቁ ነበር፣ ሬሳ መሀል አስቀምጣችሁ። ምን ያህል ብታምር ነው ብዬ።»

ቻሊንግ ቀላ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ እንዲያው… ስንጠብቅሽ ሰሌዳውን አየሁና ለሦስት ይካፈላል አልኩ። ይሄ ሰውዬ ጮኸብኝ።»

«ዘጠኝን እኔ ይዤ መጥቻለሁ!» አለ ሒልከ። «ሕግ ሕግ ነው። ዉቦ ቢሞትም ሕጉ አልሞተም።»

ፍራውከ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ የዉቦን ፊት አየች። ከዛ መልሳ ሸፈነችው፤ ልክ የድስት ክዳን እንደምትገጥም። «እስቲ ሕጉን ንገረኝ» አለች።

ሕጉ እንዲህ ነው። ይሄ ቤት ድሮ ወተት የሚሰበሰብበት ነበር፤ አሁን የዉቦና የሦስት ጓደኞቹ የቁጥር ቤት ነው። ዉቦ ቅዳሜ አንድ ትልቅ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ሦስቱ ሳምንቱን ሙሉ እየቤታቸው ቁጥሩን ያስጨንቁታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ይመጡና የቁጥሩን አንድ ጠባይ በዉቦ ጆሮ ያንሾካሹካሉ። ጠባዩ እውነት መሆን አለበት። አዲስ መሆን አለበት፤ ማለት ቀድሞ የመጣ ሰው ከተናገረው ነገር ውስጥ አብሮ የገባ መሆን የለበትም። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ፣ በእጅና በእርሳስ የተገኘ እንጂ በመሣሪያ የተገኘ አይሆንም። ይሄን ያለፈ አንድ ሳህን የአተር ሾርባ ይቀዳለታል። ያላለፈ ሾርባ የለም፣ ወደ ንፋሱ። ማን ምን ይዞ እንደመጣ የሚታወቀው ሲመሽ ሁሉም ሲሰበሰቡ ብቻ ነው።

«ዛሬስ?» አለች።

«ዛሬ ሊመሻሽ ሲል ስንሰበሰብ ዉቦ አልተነሳም። ተኝቷል ብለን ትንሽ ጠበቅነው» አለ ሒልከ። «ከዛ ነካሁት። ቀዝቅዟል።»

ሬሳ መርማሪ ሐኪም አስቀድሞ መጥቶ አይቶታል። እርጅና አይደለም የገደለው፤ አፉ ውስጥ ሰማያዊ የሱፍ ክር ተገኝቷል። ሰማያዊው ትራስ መሬት ላይ ወድቋል፤ ሟች ሚስቱ የሠራችው ነው። አንድ ሰው ትራሱን ፊቱ ላይ ይዞ ቆይቷል፤ አለቀ።

ፍራውከ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ሦስት የተበላባቸው ሳህኖች አሉ፤ ጠርዛቸው ላይ የየባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፏል። የሒልከ፣ የዬልቸ፣ የሹርድ። ሾርባው ሳህኖቹ ላይ ደርቋል።

«ሦስታችሁም በልታችኋል» አለች። «ሦስታችሁም አልፋችኋል ማለት ነው። ጥሩ። ከአሁን በኋላ ማንም ይዞት የመጣውን ጠባይ ለሌላው እንዳይናገር። ሒልከ፣ ያንተው አምልጧል፣ ምን ይደረግ። ና።»

ጓዳው ውስጥ፣ በድንች ጆንያ መሀል፣ ሒልከን አስቀመጠችው።

«መቼ መጣህ?»

«ላም አልቤ እንደጨረስኩ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ሁሌም እኔ ነኝ። ዘጠኝ አልኩት። አሃዞቹን ስትደምሪያቸው አርባ አምስት ነው፣ እሱ ለዘጠኝ ይካፈላል፣ በቃ። ‹ሰነፍ› ብሎ ሰደበኝና ቀዳልኝ። ጨው በዝቶበት ነበር።»

ቻሊንግ ከበሩ ላይ አንገቱን አስገባ። «እሱን ተይው ኢንስፔክተር። ሒልከ ከወጣ በኋላ ዉቦን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፣ የምድጃ አመድ ሲደፋ። ሒልከም ከዛ ጀምሮ ከብት ሐኪሙ ጋ ነበር።»

«የቀሩት ሁለቱ ናቸው ማለት ነው።»

«አንዷ ናት በይው።» ቻሊንግ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ዬልቸ ናት። ዉቦ ድልድዩ ሰው አያስፈልገውም፣ በማሽን ይከፈት ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ፈርሟል። ድልድዩ ማሽን ከገባለት ሥራዋም ቤቷም ሄደ፤ የምትኖረው የድልድዩ ቤት ውስጥ ነው፣ ከትንሽ ልጇ ጋር። ያለፈው ቅዳሜ ‹ያንን አፍህን አንድ ቀን እደፍነዋለሁ› ስትለው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ይኸው ተደፈነ። ዶክተር ሹርድ ደግሞ ከሷ በፊት መጥቶ ከሷ በፊት መሄዱን ነግሮኛል። መኪናውን አዘጋጅቻለሁ።»

«መኪናው ይቁም። ነዳጅ አይበላም ቆሞ።»

ሒልከ ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «ዶክተር ስልክ ማለትህ ነው?» አለ ለቻሊንግ።

«ዶክተር ማን?» አለች ፍራውከ።

«ሹርድ ነዋ። አምና ሽንት ቤት ውስጥ በስልኩ ሲያካፍል ዉቦ ያዘው። ሾርባውን ከለከለው። እኛ ስንበላ እሱ ዝናብ ላይ ቆሞ አየን። ከዛ ወዲህ ስሙ ዶክተር ስልክ ነው። የመንደሩን ጥርስ ሁሉ ነቅሏል፣ ማንም በሱ አያስታውሰውም። ልጆቹ እንኳን ሲያልፍ ‹ክሪሪሪንግ› ይሉታል።»

ቀጥሎ ዬልቸ ገባች። ካፖርቷን አልለበሰችም፤ ብርዱ የገባት አትመስልም።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«አስራ ሰባት።»

«እንዴት አገኘሽው?»

«ጀልባ ስጠብቅ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ሰባትን ሞከርኩ፣ እምቢ። አስራ አንድ፣ እምቢ። አስራ ሦስት፣ እምቢ። አስራ ሰባት ላይ ምንም ሳይተርፍ ተካፈለ።»

«ዉቦ ምን አለ?»

«ምንም። ቀዳልኝ።»

«ስለ ድልድዩስ?»

«አላወራንም። ዉቦ ፊት ቁጥር ካለ ሌላ ወሬ የለም። ጀልባ ጡሩምባ ነፋ፣ በልቼ ሮጥኩ። ማንንም አላየሁም።»

«ዶክተር ሹርድ ‹ከኔ በኋላ የመጣችው እሷ ናት› ይላል።»

«እኔ ደግሞ ከኔ በፊት የመጣ ሒልከ ነው እላለሁ። ማንን ነው የምታምኑት? እሱ ሐኪም ነው፣ ኮሌታ አለው።»

ዬልቸ ጣቶቿን አጥፋ ዘረጋች።

«ማልቀስ ነበረብኝ አይደል?» አለች። «ለሱም ለራሴም። አይመጣም። ጥርስ ሊነቀልልሽ መርፌ ስትወጊ እንዴት ነው፣ ጉንጭሽ የሰው ጉንጭ ይሆናል፤ እንደዛ ነኝ፣ ሙሉ ሰውነቴን። ብቻ ከወሰዳችሁኝ… ልጅቷ ጎረቤት ናት። ከኔ ሌላ ማንም አያስተኛትም። እሱን ብቻ ጻፉልኝ።»

«የምጽፍበት ነገር አልያዝኩም» አለች ፍራውከ። ከረሜላ ሰጠቻት። ዬልቸ ተቀብላ ያዘችው፣ አልበላችውም።

መጨረሻ ላይ ሹርድ ገባ። ጥፍሩ ንጹህ፣ ጫማው ንጹህ። ጆንያው ላይ መሐረብ አንጥፎ ተቀመጠ።

«ከሒልከ ቀጥዬ ነው የመጣሁት» አለ ሳይጠየቅ። «ስወጣ ዬልቸ በብስክሌት ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ያሳዝናል። ጥሩ ልጅ ነበረች።»

«ሞታለች እንዴ?»

«ማለቴ…»

«ይሁን ዶክተር። እርስዎ ምን ይዘው መጡ?»

እዚህ ጋ የሰውየው ፊት ተለወጠ። በዛ ቀን፣ በዛ ቤት ውስጥ የበራ ፊት ይሄ ብቻ ነበር።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» አለ። «ለሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ይካፈላል። ምንም አይተርፍም፣ አንድም! በእጄ ነው ያካፈልኩት። በእርሳስ። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቼ በእጄ።»

«በምን አካፈሉት ብዬ አልጠየቅኩም።»

ፊቱ ተመልሶ ጠፋ። «በእጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ለጆንያው።

እሱ ከወጣ በኋላ ፍራውከ የከረሜላውን ከረጢት ገልብጣ ከቻሊንግ በተዋሰችው እስክሪብቶ ጭረት ጭረት አደረገች። አንድ ማባዛት ብቻ ነበር። አየችው፣ ከረጢቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዛ ወጥታ ምድጃው ላይ የቀረውን ሾርባ በማንኪያ ቀመሰች። እውነትም ጨው በዝቶበታል።

«ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ። ዉቦም በወንበሩ እንዳለ አለ። ቻሊንግ የዬልቸን ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት፤ ልበሽው፣ እንሄዳለን እንደማለት። አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ አስገባች፣ ሌላኛውን ረሳችው።

«ሒልከ፣ የላሟን ነገር ድገምልኝ» አለች ፍራውከ።

«ላም አለኝ ካልሽ በኋላ ጅራት አለኝ አይባልም።»

«ግልባጩስ? መጀመሪያ ጅራት አለኝ ብዬ፣ ቀጥዬ ላም አለኝ ብል?»

«እሱማ አዲስ ነገር ነው። ጅራት ያለው ሁሉ ላም አይደለም። ውሻም አለው።»

«ስለዚህ ሦስት ተብሎ ዘጠኝ ቢመጣ ሾርባ አለ። ዘጠኝ ተብሎ ሦስት ቢመጣ የለም። ትክክል?»

«ልጅ እንኳን ያውቀዋል።»

«ጥሩ። አስራ ሰባት በአስራ ሰባት ሲባዛ ስንት ነው?»

ሒልከ ጣሪያውን አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።»

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሹርድ እግሩን ሰበሰበ።

«ይሄ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር» አለች ፍራውከ፣ «ለአስራ ሰባት አንዴ ብቻ አይደለም የሚካፈለው፣ ሁለቴ ነው። ዶክተር ሹርድ ሁለቴውን ይዘው መጡ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝን። ላሟን። ዬልቸ አንዱን አስራ ሰባት ይዛ መጣች። ጅራቱን። አሁን ዶክተሩ እንዳሉት እሳቸው ቀድመው፣ እሷ ተከትላ መጥታ ቢሆን፣ ዉቦ ምን ይላት ነበር?»

«ውጪ!» አለ ሒልከ፣ ቤቱ እስኪነቃነቅ። «ይሄ ድሮ ተብሏል፣ ውጪ!»

«ሾርባስ?»

«የምን ሾርባ!»

ፍራውከ ከማጠቢያው የዬልቸን ሳህን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የደረቀው አተር አረንጓዴ ቀለበት ሠርቷል።

«በልታለች» አለች። «ስለዚህ አስራ ሰባት ሲነገር ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ገና አልተነገረም። ስለዚህ እሷ ቀደመች። ስለዚህ መጨረሻ የመጡት ዶክተሩ ናቸው። ስለዚህ ዶክተሩ ዋሽተዋል። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ይሄን ያህል አልጠረጥራቸውም ነበር።»

ከሹርድ በስተቀር ሁሉም ወደ ሹርድ ዞረ።

«ሽማግሌው አዝኖላት ሊሆን ይችላል» አለ ሹርድ። ድምጹ ልስልስ ያለ ነው፣ የታካሚ አፍ ሲያስከፍት እንደሚጠቀምበት። «ሥራዋን አሳጥቷታል፤ አንድ ሳህን ሾርባ…»

«ዉቦ?» አለ ሒልከ። «ዉቦ ነው የሚያዝነው? ለገዛ ሚስቱ፣ በልደቷ ቀን፣ ራሷ ለቀቀለችው ሾርባ አላለፍሽም ብሏታል እኮ! ቆማ አየችን!»

«እንግዲያው ልጅቷ ዋሽታለች። አስራ ሰባት አላለችም፣ ሌላ ነገር ነው ያለችው።»

«ይቻላል» አለች ፍራውከ። ካፖርቷን አውልቃ እሱ ፊት ተቀመጠች። «ግን እኔ ስጠይቃት የእርስዎን አታውቅም ነበር። ከዓለም ቁጥር ሁሉ መርጣ፣ በእርስዎ ቁጥር ሆድ ውስጥ ያለውን በስህተት ጠራች? ይሁን፣ ይቻላል እንበል። ይልቅ እኔ ቀለል ያለ መውጫ ልስጥዎት። ሌላ ማስረጃ የለኝም፤ እውነቴን ነው። አሁን እዚሁ ‹ተሳስቻለሁ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ የኔ አይደለም፣ እኔ ያልኩት ቁጥሩ ጎዶሎ ነው ብዬ ነው› ይበሉኝ። ዉቦ አይመሰክርብዎትም። የኔ ነገር ሁሉ ይፈርሳል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ሹርድ አፉን ከፈተ።

ንፋሱ ጣሪያውን ጎተተ፣ ለቀቀው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ ስለ ሰው ሲዋሽ ከዋለ ሰው አንድ ተጨማሪ ውሸት። ሹርድ ሰሌዳውን አየ። ከንፈሩ ‹አይደለም› ለማለት ተዘጋጀ፤ ዓይኑ ግን ከቁጥሩ ላይ አልተነሳም።

«የኔ ነው» አለ።

ጣቱን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ።

«የኔ ነው። መጀመሪያ ለአስራ ሰባት አካፈልኩት፣ የወጣውን እንደገና ለአስራ ሰባት አካፈልኩት። ሌላ ሰው አንዴ ከተካፈለለት ይተወዋል። እኔ አልተውኩም። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነው የሠራሁት። ይዤለት መጣሁ፣ ነገርኩት። አየኝና ሳቀ። ሾርባዬን አስጨብጦኝ፣ ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ ‹ይሄ ስልክህ ጎበዝ ነው› እያለ ሳቀ። በላሁ። አሁንም ይስቃል። ሳህኑን አስቀመጥኩ። አሁንም። ዝም እንዲል ብዬ ነው ትራሱን… ዝም እንዲል ብቻ ነው የፈለግኩት።» እጁን አየው፣ ቅድም ዬልቸ የራሷን እንዳየችው። «ምንም አልተሰማኝም። አሁንም አይሰማኝም። ብቻ በእጄ ነው ያካፈልኩት። እሱን እንኳን እመኑኝ። ያ ሰውዬ ሳያምነኝ ሞተ።»

ቻሊንግ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ፤ የለመዱትን ሰው ማሰር እንዴት እንደሚጀመር ግን አላወቀም። ፍራውከ ካፖርቷን ማውለቋን ረስታ የከረሜላ ከረጢቷን ኪሷ ውስጥ ፈልጋ አጣችው። ዬልቸ ካፖርቷን በአንድ እጅጌ እንዳንጠለጠለች ተነስታ ማጠቢያው ጋ ሄደች። ሹርድ ተብሎ የተጻፈበትን ሳህን አነሳች፣ ጠርዙ ላይ የደረቀውን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች፣ አምጥታም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ታዲያ ካላመነህ ሾርባውን ለምን ሰጠህ፣ አንተ ደንቆሮ?»